መጽሐፉን ከነማስታወሻው
በመራዊ ለተሰበሰቡ የንባብ ወዳጆች የቀረበ ዲስኩር



«ስለ አሮጌ መጻሕፍት ንገረን» ብላችሁ ጋብዛችሁኛል። አሮጌ መጽሐፍ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የታሪኩን፣ የሕጉን፣ የመድኃኒቱን ሁሉ ላንሣ ብል ይመሽብናል። ስለዚህ ርእሴን ጠበብ አድርጌዋለሁ። ዛሬ የምናገረው በቆዳ ስለ ተደጎሱና ከሰው ለሰው በስጦታ ስላለፉ የግጥም መጻሕፍት ነው። እነዚህን መጻሕፍት ማን ይሰብስባቸው? እንዴትስ ይያዙ? የትስ ይቀመጡ?

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁና ቀስ ብዬ ላስረዳ። መጽሐፍ ስጦታ ሆኖ ሲሰጥ፣ ሰጪው በባዶው ገጽ ላይ የጻፈው ቃል የመጽሐፉ አካል ይሆናል። ያንን ቃል የፋቀ፣ ገጹን የቀደደ፣ ወይም ማን ለማን እንደ ሰጠው ሳይመዘግብ መጽሐፉን አሳልፎ የሸጠ ሰው ግማሹን መጽሐፍ አጥፍቶታል። እንግዲህ የዛሬው መልእክቴ አንድ ነው፤ መጽሐፉን ከነማስታወሻው እንጠብቅ። ይህን ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹብኝ።

በአምስት ነጥብ እሄዳለሁ። በመጀመሪያ የግጥም መጽሐፋችን የትኛው እንደ ሆነ፣ ሁለተኛ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ሦስተኛ በባዶ ገጹ ላይ ምን እንደሚጻፍ፣ አራተኛ ስለ ታተሙት የግጥም መጻሕፍት፣ አምስተኛ ስለ ጥፋቱ እናገራለሁ። ከዚያም ምን እናድርግ የሚለውን አንሥቼ እፈጽማለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ፤ የግጥም መጽሐፋችን የትኛው ነው?

«እኛ ቤት የግጥም መጽሐፍ የለም» የሚል ሰው ካለ፣ «ዳዊትስ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። መዝሙረ ዳዊት ግጥም ነው። የብራናው ዳዊት 150ውን መዝሙር ከነ151ኛው ይይዛል። ቀጥሎ 15ቱ መኃልየ ነቢያት፣ ከዚያ የሰሎሞን መኃልየ መኃልይ፣ ከዚያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለው ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተላሉ። ከዳር እስከ ዳር የግጥም መድበል ነው ማለት ነው።

ግጥም መሆኑን ግእዝ የማያውቅ ሰው እንኳ በዓይኑ ይለየዋል። ሌላው የብራና መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ገጹ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ ይጻፋል። መዝሙሩ ግን በአንድ ዓምድ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ መስመር አለው። ስንኙ ረዝሞ መስመሩ ሲጠበው ጸሐፊው አዲስ መስመር አይጀምርም፤ የተረፉትን ጥቂት ፊደላት ከመስመሩ ጫፍ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ያስጠጋቸዋል። የስንኙን ቤት ላለማፍረስ ያደረገው ጥንቃቄ ነው።

ከዳዊት ቀጥሎ መልክእ አለ። በየአርኬው፣ ማለትም በየአንጓው፣ አምስት ስንኝ ያለው፣ ቤት የሚመታ፣ ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የሚያወድስ ግጥም ነው። በዚህ በጎጃም መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ ዕሌኒ ራሳቸው የውዳሴ ድርሰት እንደ ደረሱ ይነገራል። በምድራችን ላይ ግጥም የቤተ መንግሥትም የቤተ ክህነትም ሥራ ነበር።

ቅኔውንስ? እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ያሉ የቅኔ ቤቶችን በሚያውቅ ሕዝብ ፊት ስለ ቅኔ ማብራራት አይገባኝም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። ስለዚህ የተጻፈ ቅኔ ከተባለው ቅኔ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም.፣ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ደግሞ በ1963 ዓ.ም. መጽሐፈ ቅኔ አሰባስበው ባያሳትሙ ኖሮ የብዙ ሊቃውንት ቅኔ ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ባለፈ ነበር። አድማሱ ጀምበሬ ቅኔውን ከነባለቤቱ ስም ማስቀመጣቸውን ልብ በሉልኝ። ግጥሙን ከነሰውየው ሰበሰቡት። መሰብሰብ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፤ እንዴት ተሠራ?

አንድ የቆየ ዳዊት በእጃችሁ እንደያዛችሁ አስቡ። መጀመሪያ የምታገኙት ማኅደሩን ነው። ከደረቅ ቆዳ የተሰፋ ከረጢት ሲሆን ማንገቻ አለው። ባለቤቱ በመንገድ ትከሻው ላይ ያነግተዋል፤ በቤት ደግሞ ከአይጥና ከእርጥበት እንዲርቅ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ማንገቻው ዘወትር ትከሻ የሚነካበት ቦታ ላይ ሳስቶና ለስልሶ ታገኙታላችሁ።

ከማኅደሩ ስታወጡት ሽፋኑ ሁለት የእንጨት ገበታ ነው፤ ወይራ ወይም ዋንዛ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ አቅም ካለው ገበታው ባሕር አረብ በሚባለው ቀይ ቆዳ ይለበጣል። ደጓሹ ብረቱን በእሳት አግሎ ቆዳው ላይ ይጫነዋል፤ ዙሪያውን ሐረግና መስመር፣ መካከሉን መስቀል ያወጣለታል። ሽፋኑን ስትገልጡ በውስጠኛው በኩል የቆዳው እጥፋት በአራቱም ጠርዝ ይታያል፤ መካከሉ ላይ ደግሞ ባለቀለም ጨርቅ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ሐር ሊሆን ይችላል፤ አበባ የታተመበት ጥጥም ይሆናል። ከባለቤቱ በቀር ማንም የማያየው ቦታ ላይ የተደረገ ውበት ነው።

ገበታው ተሰንጥቆ በጅማት ወይም በክር ተሰፍቶ ብታገኙት እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። አንድ ሰው መጽሐፉን ከመጣል መጠገን መርጧል ማለት ነው።

አሁን ብራናውን ግለጡ። ፍየሉ ታርዶ፣ ቆዳው ተነክሮ፣ በመወጠሪያ ላይ ተወጥሮ፣ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ የወጣ ነው። አንድ ዳዊት የብዙ ፍየል ቆዳ ይበላል። ብርሃን ላይ ብታዘነብሉት በወስፌ ጫፍ የተሰመሩትን መስመሮች ታያላችሁ፤ ፊደሉ ከእነሱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ሆኖ ይሄዳል። ጥቁሩ ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩ ለርእሱና ለተቀደሰው ስም ነው። በሌሊት ጸሎት ብዙ የተደገመው ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ጠብታ ታገኛላችሁ፤ የገጹም ጠርዝ ከአውራ ጣት ብዛት ጠቁሯል። መጽሐፉ የትኛው ገጹ እንደ ተወደደ ራሱ ይመሰክራል።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብራና ፋቂው፣ ቁም ጸሐፊው፣ ደጓሹ የደከሙበትን ይህን ዕቃ ሰው ለሰው ሲሰጥ ቀላል ስጦታ አልሰጠም። በሬ ከመስጠት የማይተናነስ ስጦታ ነው። እንዲህ ያለውን ስጦታ ሳይጽፍበት የሚሰጥ ደግሞ ጥቂት ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ፤ በባዶው ገጽ ላይ ምን ይጻፋል?

ወደ ዋናው ጉዳዬ ገባሁ። የብራና መጽሐፍ በፊትና በኋላ ባዶ ቅጠሎች አሉት። በእነዚያ ቅጠሎች ላይ የሚጻፈውን በአራት ከፍዬ ላሳያችሁ።

አንደኛው የባለቤትነት ቃል ነው፤ መጽሐፉ የእገሌ ነው፣ ያጻፈው በዚህ ንጉሥ፣ በዚህ ጳጳስ ዘመን ነው ይላል። ዓመተ ምሕረቱ ባይጠቀስ እንኳ የንጉሡና የጳጳሱ ስም አንድ ላይ ሲገኝ አጥኚው ዘመኑን አጥብቦ ይደርስበታል።

ሁለተኛው የስጦታ ቃል ነው። አባት ለልጁ፣ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ይሰጣል፤ ባልቴት ለነፍሷ መታሰቢያ ለደብሯ ትሰጣለች። ልጅ ፊደልና ንባብ ጨርሶ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ድግስ ደግሶ ያስመርቀው እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በዚያ ቀን ዳዊት ከነማኅደሩ የተቀበለ ልጅ፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ ወደ ቅኔ ቤት ሲሄድ የቤቱን ቃል ይዞ ሄዷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ግዝት ነው። የሰረቀው፣ የሸጠው፣ ጽሑፉን የፋቀው በሐዋርያት ቃል የተወገዘ ይሁን ይላል። አባቶቻችን ከሌባው ጋር ፋቂውን አብረው ማውገዛቸውን ልብ በሉ። መጽሐፉን መውሰድና ስሙን መፋቅ በእነርሱ ዘንድ አንድ ዓይነት ወንጀል ነበር። እኔ ዛሬ «መጽሐፉን ከነማስታወሻው እንጠብቅ» ስል አዲስ ነገር አላመጣሁም፤ እነርሱ ጽፈው የተዉትን ነው የምደግመው።

አራተኛው የኑሮ ጉዳይ ነው። የርስት ክፍፍል፣ የጉልት ድልድል፣ የብድር ውል፣ የደብሩ ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር በባዶው ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይጻፍ ነበር፤ መጽሐፉ የተከበረ ስለ ሆነ የተጻፈበትም ቃል ይከበር ነበርና። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር የኢትዮጵያን የመሬት ታሪክ ሲጽፉ ዋና ምንጫቸው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተገኙ እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች ናቸው። ሰው «ጭረት ነው» ብሎ የሚያልፈው ቃል የአንድ አገር ታሪክ ምንጭ ሆነ።

ከነዚህ ሌላ በራሱ በጸሎቱ ውስጥ የባለቤቱ ስም ይገባል፤ «አገልጋይህን እገሌን» እያለ። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ይተካል። ያ ቦታ በጣት ሲነካ ሻካራ ነው፤ ቀለሙም ከዙሪያው ይለያል፤ አዲሱ ስም አጭር ከሆነ ክፍተት ይቀራል፣ ረጅም ከሆነ ፊደሉ ይታጨቃል። ግዝቱ እያለ ይህን ያደረጉ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም የተፋቀውም ቦታ ይናገራል፤ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው በዚህ መጽሐፍ ጸልዮ ነበር ይላል። ስለዚህ የተፋቀውንም ቦታ አንንካው፣ አናድሰው፣ አናጥራው።

አራተኛው ነጥብ፤ ስለ ታተሙት የግጥም መጻሕፍት

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ዳዊቱም ግጥሙም በወረቀት እየታተመ ወጣ። ብራናው ቢቀርም ልማዱ አልቀረም። የሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት» በ1963፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» በ1966፣ የደበበ ሰይፉ «የብርሃን ፍቅር» በ1980 ዓ.ም. ሲወጡ ወጣቶች እርስ በርሳቸው ተሰጣጧቸው። ከዚሁ ከመንኩሳ የተወለደው በዕውቀቱ ስዩም የግጥም መድበሎቹን ሲያወጣም እንዲሁ ሆነ። ልብ ወለድ ቢሆንም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ታሪኩ ከመንኩሳ ተነሥቶ ዲማ የሚደርስ፣ ቅኔ ተማሪ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ቦታ የያዘበት መጽሐፍ ነውና፣ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ስንቱ ወጣት ለሚወዳት ልጅ ጽፎበት ሰጥቷል!

እኔ ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ የገዛሁት አንድ የግጥም መድበል አለኝ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በቡናማ ቆዳ ተጠርዟል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ወንድም ለእኅቱ ጽፎበታል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በመጨረሷ የተሰጠ መሆኑን፣ ከፊቷ የሚጠብቃት መንገድ ረጅም መሆኑንና ሲከፋት ይህን እንድታነብ ይመክራታል። ከመድበሉ መካከል አንዱ ግጥም በእርሳስ ተሰምሮበታል። ያሰመረችው እኅቲቱ ትሁን ሌላ አንባቢ መናገር አልችልም። ነገር ግን ያንን ግጥም ባነበብኩ ቁጥር ሁለት ሰዎች አብረውኝ ያነባሉ። ይህ ጽሑፍ የሌለበት ሌላ ቅጂ ቢሰጡኝ በፍጹም አልለውጥም።

በውጭው ዓለምም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንት መጽሐፍ ሰብሳቢዎች ዘንድ ደራሲው ለወዳጁ ፈርሞ የሰጠው ቅጂ ካልተፈረመበት እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ግን አሁንም ሻጩ «ንጹሕ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም» እያለ ያሞግሳል፤ ጽሑፍ ካለበትም ገጹን ቀዶ ይሸጣል። ጠራዡም ባለማወቅ ዳሩን ሲከረክም የጽሑፉን ጫፍ ይበላዋል። መጽሐፍ ስታስጠርዙ «ገጹን አትጣል፣ ዳሩን አትከርክም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አምስተኛው ነጥብ፤ ጥፋቱ ከየት መጣ?

ትልቁን ጥፋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ተዘረፉ፤ ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከተዘረፉት አንዱን ክብረ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ደብዳቤ ጽፈው ጠይቀው ተመልሶላቸዋል። አንድ መጽሐፍ እንኳ በስሙ ተጠርቶ ሲጠየቅ ሊመለስ እንደሚችል ከዚያ እንማራለን። በስሙ ለመጠየቅ ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ትንሹ ጥፋት በየቀኑ የሚሆነው ነው፤ ድምፅ ስለሌለው የከፋ ነው። ገንዘብ የቸገረው ወራሽ የአያቱን ዳዊት ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው የባለቤቱን ስም የያዘውን ቅጠል ያወጣል፤ ከየት እንደ መጣ እንዳይታወቅ። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለቱሪስት ውድ ስለሚሸጥ፣ ሥዕል ባልነበረው አሮጌ ዳዊት ባዶ ገጽ ላይ አዲስ ሥዕል ያስላል። አንዳንዱም ጥራዙን ፈትቶ ቅጠል በቅጠል ይቸረችረዋል። በዚህ መንገድ የወጡ ብዙ ዳዊቶች ዛሬ በውጭ አገር በግለሰብ ቤት ተቀምጠዋል። ውበታቸው አለ፤ የማን እንደ ነበሩ ግን የሚናገር የለም።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ማስመዝገብ ማለት መንጠቅ ማለት አይደለም። የተመዘገበ መጽሐፍ በቤታችሁ፣ በማኅደሩ፣ በግድግዳችሁ ላይ ይቀመጣል፤ ቢሰረቅ ግን የሚጠየቅበት ማስረጃ አለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በ1960ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀርጸዋል። ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ባዶ ቅጠል ላይ ያለውን ማስታወሻ ሳይቀር መዝግበዋል። ከዚያ በፊትም ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ቁጥር አትመው ነበር። እነርሱ በፊልምና በኅትመት የሠሩትን ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን በያዝነው ስልክ ልንሠራው እንችላለን። ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ።

አንደኛ፣ መዝግቡ። የቤታችሁን ዳዊት፣ መልክእ፣ የታተመም የግጥም መጽሐፍ አውጡ። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ሽፋኑን፣ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች፣ ስም ያለበትንና የተፋቀበትን ገጽ ፎቶ አንሡ፤ የደበዘዘው እንዲታይ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ከዚያ የቤቱን ታላቅ ጠይቁ፤ ማን ሰጠው? ለማን? መቼ? ስለ ምን? መልሱን በደብተር ጻፉ፤ በራሱ በመጽሐፉ ላይ አትጻፉ። ታላላቆቻችን ሳያልፉ ዛሬ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ በቦታው ጠብቁ። ጥሩ ሰብሳቢ ሁሉን ወደ ራሱ መደርደሪያ የሚያግዝ አይደለም። የደብሩ መጽሐፍ በዕቃ ቤቱ፣ የቤተሰቡ በቤተሰቡ ይቆይ፤ ሰብሳቢው ዝርዝሩን ይሰብስብ። ቆዳውን ዘይት አትቀቡት፤ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉት፤ በፌስታል አትጠቅልሉት፣ እርጥበት አምቆ ያሻግተዋልና። ማኅደሩ በቂ ነው፤ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት በቂ ነው። መምህራን ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ የአካባቢያቸውን የስጦታ መጻሕፍት የሚመዘግብ አንድ መዝገብ እንዲከፍቱ አደራ እላለሁ። መራዊ ከጀመረች ቡሬና ፍኖተ ሰላም እንደሚከተሉ አልጠራጠርም።

ሦስተኛ፣ ስትሰጡ ጻፉ። ይህ ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። ለምርቃት፣ ለሠርግ፣ ለልደት የግጥም መጽሐፍ ስጡ። ስትሰጡ ባዶውን ገጽ ባዶ አትተዉት። ሙሉ ስማችሁን፣ የተቀባዩን ስም፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን፣ ቦታውን፣ የሰጣችሁበትን ምክንያት በንጹሕ እጅ ጽሑፍ አስፍሩ። «ለማስታወሻ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ የምታስታውሱት ምን እንደ ሆነ ጻፉ። አባቶቻችን የጻፉትን ለመጠበቅ የምንደክም ከሆነ፣ እኛም ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ጽፈን ማለፍ አለብን። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚህ ከተማ የሚነሣ ሰብሳቢ የሚያገኘው እናንተ የጻፋችሁትን ብቻ ነው።